ተጨማሪ መረጃ፦ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው?

ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ዝም ካለች ብዙዎች ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሽከረክረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ተቃጠለ ብለው ያስፈቱታል። እናንተ ግን አትቸኩሉ፤ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን እንደገና አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ባትሪው፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ብናኝ የያዘው ማሰሪያው ነው፤ አሉታዊውን ጫፍ አስቀድሞ ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። «መብራቱ እየበራ ባትሪው እንዴት ደከመ ይባላል?» ትሉ ይሆናል። አምፖል የሚፈልገው ጥቂት አምፒር ነው፤ ሞተሪኖ ግን ሲነሳ ከ100 አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል። እርግጥ ውስጡ የተጣበቀ ሞተሪኖም መብራቱን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ባትሪውን ሞልታችሁ ድገሙት። መብራቱ ምንም ሳይደበዝዝ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ያኔ ሶሌኖይዱን (ጅረቱን ወደ ሞተሪኖው የሚለቀውን ማግኔታዊ ማብሪያ) ወይም የሞተሪኖውን ያለቀ ካርቦን (ጅረት የሚያስተላልፈውን ብሩሽ) መጠርጠር ያስኬዳል። ከመምህራችሁ ጋር ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ቮልቲሜትር ባትሪው ላይ አገናኙ። ሳይነሳ 12.6 አካባቢ የነበረው ቮልት ቁልፉ ሲዞር ስንት ላይ ወረደ?