አረጋውያን በመድረክ ላይ፤ ለደባርቅና ለዳባት የቀረበ አሳብ

ተውኔት የወጣት ሥራ ነው፣ ለሽማግሌ የተመልካችነት ወንበር ይበቃዋል የሚለው አሳብ በአገራችን ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን በደባርቅ ወይም በዳባት ደጋ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ፀሐይ እየሞቁ የሚጨዋወቱትን አረጋውያን ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ነገርን ከየት እንደሚያነሡት፣ የሌላውን ሰው ድምፅና አካሄድ እንዴት አስመስለው እንደሚያመጡት፣ የቱ ላይ ዝም ብለው አድማጩን በጉጉት እንደሚያቆዩት ሲያስተውል፣ ለመድረክ የሚያስፈልገው ጥበብ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በዕድሜ በስሎ እንደሚገኝ ሳይመሰክር አይቀርም። የጎደለው ይህን ሀብት ጠርቶ የሚሰበስብ ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ፣ ይኸውም የአረጋውያን የተውኔት ጓድ፣ በጥቂት ወጪና በብዙ አክብሮት እንዴት ሊቋቋምና ሊመራ እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዘመናዊው ተውኔታችን የጀመረው ከከተማ ነው። በሩስያና በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአዲስ አበባ ቴያትር ተብሎ የሚታየው የአዝማሪና የጭፈራ ጨዋታ መሆኑን ተመልክተው ቅር ስላላቸው፣ እውነተኛው ተውኔት ምን እንደሚመስል ለማሳየት በእንስሳት ተረት ላይ የተመሠረተውን ‹ፋቡላ›ን ደረሱ። ከዚያም በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው ቤት ተከፈተ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የቴያትር ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ቅሬታ በጊዜው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ተውኔት በዚህ መንገድ ወደ ወረቀትና ወደ መጋረጃ ሲገባ፣ ያለ ወረቀትና ያለ መጋረጃ በገጠር ሲሠራበት የኖረው የንግግር ጥበብ ከተውኔት ወገን ሳይቆጠር መቅረቱ እኔን ያሳዝነኛል።

እስቲ የጥንቱን ሙግት እናስብ። ከሳሹና ተከሳሹ ሸማቸውን አደግድገው፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ነገራቸውን በቤት በሚመታ ቃል እየሰደሩ፣ ውርርድ እየገጠሙ በዳኛው ፊት ሲቆሙ፣ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ፍርዱን ለመስማት ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩንም ውበት ለመመዘን ይቆም ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ሲሄዱ የሚታየው ነገር፣ አንድ ደራሲ ብዙ ሌሊት ቢያስብ የማያገኘው ትርኢት ነው። የሌባን ማንነት ለማወቅ አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ የሚውልበት አውጫጭኝም፣ ጥርጣሬውና መሐላው፣ የጎረቤት ዐይን ከጎረቤት ዐይን መሸሹ፣ ሁሉም በአንድነት ተውኔት ነው። በሆሣዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በውጭ የቆመው በሩ እንዲከፈትለት ሲጠይቅ በውስጥ ያለው ማንነቱን መልሶ ሲጠይቀው የሚሰማው የቃል ምልልስ፣ እነዚህ አረጋውያን ከሕፃንነታቸው ጀምረው በየዓመቱ ቆመው የሰሙት ሥርዓት ነው። ሙሾ አውራጇ ደግሞ የሟቹን ሕይወት ከነሙሉ መልኩ በለቀስተኛው ፊት ታቆመዋለች። ይህን ሁሉ ያየና ያደረገ ሰው ትወና ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ሊማር አያስፈልገውም።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ጓድ ሲቋቋም፣ ያኔ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት ወጣቶች በመዝሙር፣ በውዝዋዜና በአጫጭር ተውኔት ወደ መድረክ ወጥተው ነበር። እነዚያ ወጣቶች ዛሬ 60 ዓመትን ያለፉ፣ ከመንግሥት ሥራም ከነበሩ ጡረታ የወጡ ናቸው። የዚያ ዘመን መዝሙር ይዘት ምንም ይሁን ምን፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ድምፅን ማውጣት፣ ተራን መጠበቅ፣ ጓደኛ ሲሳሳት ደግፎ ማለፍ ከሰውነት የማይጠፋ ልማድ ነውና፣ ጓድ ሊያቋቁም የተነሣ ሰው በመጀመሪያ እነርሱን ቢፈልግ ይጠቀማል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በከፍተኛ ደረጃ ተፈትኗል። በጃፓን ዩኪዮ ኒናጋዋ የተባለው ስመ ጥር አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ዕድሜአቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ብቻ የሚቀበል ‹ሳይታማ ጎልድ ቴያትር› የተባለ ጓድ ሲያቋቁም፣ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች አመልክተው 48ቱ ተመረጡ። የኒናጋዋ አሳብ፣ ረጅም ዕድሜ የኖረ ሰው የሕይወት ታሪኩን በአካሉ ይዞ ስለሚመጣ፣ ያንን ታሪክ የተውኔቱ መሠረት ማድረግ ነበር፤ ጓዱም መሥራቹ ካረፈ በኋላ ጭምር እስከ 2021 ድረስ ሠራ። በአሜሪካም ሄልጋና ቶኒ ኖይስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ60 እስከ 86 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 124 ሰዎች በሦስት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ለአራት ሳምንት ትወና፣ ሌላውን የሥዕል ጥበብ አስተምረው፣ ሦስተኛውን ያለ ትምህርት ትተው ሲመዝኑ፣ ትወና የተማሩት ምንም ካልተማሩት ይልቅ ቃላትንና የሰሙትን ነገር በማስታወስ፣ ችግርን በመፍታት፣ እንዲሁም ስለ ራሳቸው ባላቸው መልካም ስሜት ብልጫ አሳይተው ተገኙ።

ከእነዚህ ተመራማሪዎች ሥራ ለደባርቅ አዘጋጅ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን፣ ተዋናይ ቃሉን የሚይዘው ደጋግሞ በመሸምደድ አለመሆኑን ማስረዳታቸው ነው። ተዋናዩ በእያንዳንዱ ንግግር ‹ይህ ሰው ከዚያ ሰው ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚለው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ሲያገኘው ቃሉ ይከተላል፤ እየተንቀሳቀሰ የተናገረውንም ቆሞ ከተናገረው የበለጠ ያስታውሳል። እንግዲህ ፊደል ላልቆጠሩ ወይም ዐይናቸው ለደከመ አረጋውያን የተጻፈ ወረቀት ማደል ሥራውን ገና ሳይጀመር መግደል ነው። አዘጋጁ የታሪኩን ፍሬ ነገር ይንገራቸው፤ ከሳሹ ያን መሬት ለምን አጥብቆ እንደሚሻው፣ መስካሪዋ ምን እንደምትፈራ ይወያዩበት፤ ከዚያ በራሳቸው ልሳን ይናገሩት፤ የተናገሩትንም አንድ ወጣት ጽፎ በሚቀጥለው ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ በጆሮው ተቀብሎ የሚያጠናበት አገር ስለ ሆነ፣ በጆሮ መማር ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ቃል ቢጠፋባቸውም ለማስታወስ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው መደበቅ አያስፈልግም፤ ተውኔቱ የሙግት ከሆነ የችሎቱ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ በግልጥ ይቀመጥና፣ የተረሳውን ቃል እንደ ጸሐፊ ጠይቆ ያስታውሳቸው።

የጓዱን ቁመና በተመለከተ፣ አዲስ ደንብና ማኅተም ከመፈለግ ይልቅ የጽዋ ማኅበርን ሥርዓት መመልከት ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ሙሴ የሚባል መሪ ተሹሞበት፣ ተራ ተይዞለት፣ የቀረ ሰው ለምን እንደ ቀረ የሚጠየቅበት ማኅበር ለአረጋውያኑ የታወቀ ቤት ነው። የልምምዱም ቀን ሥራ በማይሠራባቸው የወር በዓላት፣ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ዕለት ሲሆን፣ ማንም ከእርሻውና ከገበያው አይስተጓጎልም። ሰዓቱን አዘጋጁ በጥንቃቄ ይምረጠው፤ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ማለዳዋም ምሽቷም ለአጥንት ይከብዳል፤ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ያለው ረፋድ ይሻላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙትን ሰዎች ለልምምድ ማቆም ደግሞ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ከጥምቀት እስከ ጾሙ ቅበላ ያለው ወራት ለትርኢት የተመቸ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የነፍስ አባቶችን ማማከር ይገባል። በዚህ አገር ብዙ እናቶች በዕድሜ ሲገፉ ቆብ ደፍተው እማሆይ ይባላሉ፤ ዘፈንና ጭፈራንም ይተዋሉ። አዘጋጁ ይህን ሳያውቅ እማሆይን ‹እስክስታ ይውረዱ› ቢል፣ እርሳቸውን ያሳዝናል፣ ጓዱንም ያስነቅፋል፤ ነገር ግን የተራኪነት፣ የአስታራቂነት ወይም የምስክርነት ቦታ ቢሰጣቸው፣ የቆባቸው ክብር ለተውኔቱ ጸጋ ይሆንለታል። አዘጋጁ ወጣት ከሆነ ደግሞ እርማቱን በአንቱታ፣ ያውም ለብቻ ጠጋ ብሎ ይናገር። በሕዝብ ፊት የተገሠጸ ሽማግሌ ምንም ሳይመልስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም።

በዚህ ዕድሜ ሕመምና ሞት የሥራው ክፍል መሆናቸውን መሰወር አይገባም። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ማዘጋጀት፣ ሁለቱም በተራ እንዲጫወቱ ማድረግ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ያለ ድንጋጤ እንዲቆም ያስችላል። ከጓዱ አንድ ሰው ሲያርፍም ቦታውን በማግስቱ ለሌላ መስጠት ነውር ነው፤ አርባው እስኪወጣ ድረስ ያን ተውኔት አቁሞ በሌላ መሥራት ይሻላል።

ምን ይተወን ለሚለው ጥያቄ፣ አገሩ ራሱ መልስ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ በ2017 የወጣው፣ በተራራው ላይ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ሆኖ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከወረደ በኋላ ነው። ከዚያ ደጋ የወረደ ሽማግሌ የመንደሩን መንገድ፣ የእርሻውን ወሰን፣ የጎረቤቱን ቤት ያስታውሳል፤ ልጅ ልጆቹ ግን የሚያውቁት የከተማውን መንገድ ነው። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ስለዚያ መንደር የሚደረግ ምልልስ፣ ሌላ ታሪክ ሳይጨመርበት የአንድ ትርኢት ቁም ነገር ይሆናል።

የሰሜኑ ጦርነት ጉዳይ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል፤ ሐዘኑም ገና ትኩስ ነው። የራሱን ልጅ የቀበረ አባት ያንኑ ሞት በመድረክ ላይ እንዲደግመው መጠየቅ በምንም ምክንያት የተገባ አይሆንም። እርሱ ራሱ ሊናገረው የፈለገ እንደ ሆነ በሌላ ዘመንና በሌላ ሰው ስም በተሸፈነ ታሪክ ይናገረው፤ በልምምዱም መካከል ልቡ ከከበደው ማቆም እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው፤ ሌሎቹም እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብለው አብረውት ይቀመጡ።

ለትርኢቱ አዳራሽ ባይገኝ አውድማ ይበቃል። ተመልካቹ በክብ ይቀመጥ፤ የመስማት ችግር ያለባቸው ወደ ፊት ይቅረቡ፤ ፀሐይዋ ከተዋንያኑ ፊት ለፊት እንዳትወጋቸው ከጎን ትሁን፤ ደረጃ ያለው ከፍ ያለ መድረክ ለጉልበት አይስማማምና ይቅር፤ የሚናገረው ሁሉ በርጩማ ይኑረው። የመጀመሪያው ተውኔት ከሩብ ሰዓት ባይበልጥ ማንም አያዝንም። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድምፁንና ምስሉን ቢቀዱት ብዙ የሚጠፋ ቃል ይድናል፤ ነገር ግን ከመቅዳታቸው በፊት የተዋንያኑን ፈቃድ ይጠይቁ፣ የተናጋሪውንም ስም ከቃሉ ጋር ይጻፉ፣ አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲሰጡ ሌላውን ለጓዱ ሙሴ ያስረክቡ።