የወር አበባ ሆርሞኖች እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎል ክፍል ላይ ምን ለውጥ ያመጣሉ?

በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 2002 እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ የቺካጎ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ በማጠናቀቅ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያ ዕለት የወር አበባ ላይ እንደነበረች፣ የውድድሩንም መጨረሻ ከሆድ ቁርጠት ጋር እየታገለች እንደሮጠች ከዓመታት በኋላ ራሷ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግራለች።

በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች መካከል አንዳንዶቹ ሕመሙ የሚነሳባቸውን ቀን ከወር አበባቸው መምጫ ተነስተው መገመት ይችላሉ። ያው ወርኃዊ ክስተት አንዷን ክብረ ወሰን ከመስበር ሳያግዳት፣ ሌላዋን ሰውነቷን መቆጣጠር እንዲሳናት ያደርጋል።

እነዚህ ሁለት እውነቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ የሚያስታርቃቸው ማብራሪያ ግን አለ። በየወሩ ከፍ ዝቅ የሚሉት የሴት ሆርሞኖች የሚሠሩት ማኅፀን ላይ ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎል ክፍል ላይም ጭምር ነው። ይህ ለውጥ በጤነኛ ሴት ላይ በመሣሪያ የሚለካ ቢሆንም ትንሽ ነው። የአንጎሏ ሚዛን በበሽታ የተናጋ ሴት ላይ ግን ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ግፊት እና ልጓም

አንድ ሰው ብርጭቆ ለማንሳት ሲፈልግ ለጡንቻዎቹ የሚተላለፈው ትእዛዝ በዋናነት የሚነሳው በአንጎል የላይኛው ቅርፊት ላይ፣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው በአናት በኩል እንደ መቀነት ከተዘረጋ ጠባብ ክፍል ነው። ትእዛዙ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ የእጅን ጡንቻዎች ያንቀሳቅሳል።

በዚህ ክፍል የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት በሁለት ተቃራኒ መልእክቶች ይመራሉ። አንደኛው ሕዋሳቱን የሚያነቃቃ ግፊት ሲሆን፣ ዋናው ተሸካሚው ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል ነው። ሁለተኛው ሕዋሳቱን የሚገታ ልጓም ሲሆን፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ጋባ የተባለው ኬሚካል ነው።

የተስተካከለ እንቅስቃሴ የሁለቱ ሚዛን ውጤት ነው። ግፊት ከሌለ ጡንቻ አይታዘዝም፤ ልጓም ከሌለ ደግሞ እንቅስቃሴው መረን ይለቃል። ልጓሙ ከልክ በላይ ሲላላ በርካታ የነርቭ ሕዋሳት ያለ ሥርዓት በአንድነት መልእክት መላክ ይጀምራሉ። የሚጥል በሽታ የሚነሳው እንዲህ ባለው ሁኔታ ነው።

የሁለቱ ሆርሞኖች ፈረቃ

የወር አበባ ዑደት በአማካይ 28 ቀን ይባላል እንጂ፣ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ዑደቱ የሚቆጠረው ደም መፍሰስ ከሚጀምርበት ዕለት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ኢስትሮጅንም ሆነ ፕሮጄስትሮን ዝቅተኛ መጠን ላይ ይገኛሉ።

በቀጣዮቹ ቀናት ኢስትሮጅን እየጨመረ ሄዶ እንቁላል ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ተራው የፕሮጄስትሮን ይሆናል፤ ኢስትሮጅንም ለሁለተኛ ጊዜ በመጠኑ ከፍ ይላል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ያሽቆለቁሉና የወር አበባ ይመጣል።

ሁለቱም ሆርሞኖች በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ከደም ወደ አንጎል ለመግባት አይቸገሩም። ኢስትሮጅን በአመዛኙ ግፊቱን ያበረታል። ፕሮጄስትሮን ደግሞ አሎፕሬግናኖሎን ወደተባለ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ይህም ጋባ በሚሠራበት ተቀባይ ላይ አርፎ ልጓሙን ያጠብቃል።

ዳያዜፓምን የመሳሰሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶችም የሚሠሩት በዚሁ ተቀባይ ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ድባቴ በአሜሪካ በ2019 የተፈቀደው ብሬክሳኖሎን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ይኸው አሎፕሬግናኖሎን ራሱ ነው። አንዲት ሴት በዑደቷ ሁለተኛ አጋማሽ ሰውነቷ ራሱ የሚያዘጋጀው ማረጋጊያ ይጨምርላታል ማለት ነው።

በማግኔት የተለካ ለውጥ

ይህን ለውጥ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና መለካት የተቻለው በ1985 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ይፋ በሆነ መሣሪያ አማካይነት ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በሠሩት በዚህ መሣሪያ የሽቦ ጥቅልል አናት ላይ ይያዝና ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ መግነጢሳዊ ኃይል ይለቀቃል። ኃይሉ የራስ ቅልን አልፎ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ላይ ሲያርፍ፣ ሰውየው ሳያዝዘው ጣቱ ይነዝራል።

ተመራማሪዎች ቆየት ብለው በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ልዩነት ሁለት ምቶችን፣ መጀመሪያ ደካማ ቀጥሎም ጠንካራ፣ ማሳረፍ ጀመሩ። ደካማው ምት ልጓሙን ስለሚቀሰቅስ ጠንካራው የሚፈጥረው ንዝረት ይቀንሳል። የቅነሳው መጠን የልጓሙን ጥንካሬ ይናገራል።

በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በጤነኛ ሴቶች ላይ በተለያዩ የወር አበባ ዑደት ቀናት ሞከሩት። ፕሮጄስትሮን በሚበዛበት ጊዜ ልጓሙ ጠንክሮ ተገኘ። በ2002 ባወጡት ሁለተኛ ጥናት ደግሞ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ኢስትሮጅን ከፍ በሚልበት ጊዜ የአንጎሉ ክፍል ይበልጥ ንቁ ሆኖ አገኙት።

በ2019 በእንግሊዙ ኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ፊቱን ወደ ጭን ጡንቻ አዞረ። በዑደቱ 14ኛ ቀን አካባቢ አንጎል ጡንቻን የማዘዝ አቅሙ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ታየ። በ21ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ልጓሙ ጠበቅ ያለ ቢሆንም ሴቶቹ ሳይደክሙ ረዘም ላለ ጊዜ ሠሩ። አንዱ ጊዜ ለኃይል፣ ሌላው ለጽናት የተመቸ ሆኖ ተገኘ እንጂ፣ አንዱ በሁሉም ረገድ ከሌላው አልተሻለም።

ሆርሞኖቹ ዶፓሚንንም ይነካሉ። ዶፓሚን በአንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴን ለማስጀመርና ለማሳካት የሚያገለግል ኬሚካል ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጂል ቤከር ከባልደረቦቿ ጋር በ1987 ባሳተመችው ጥናት፣ ሴት አይጦች ሆርሞኖቻቸው ከፍ በሚሉበት ወቅት በጠባብ ጣውላ ላይ ሲሄዱ እግራቸውን የሚስቱት በመጠኑ እንደሆነ አሳይታለች።

በ1988 ደግሞ ኤልዛቤት ሃምፕሰን እና ዶሪን ኪሙራ በካናዳ ባደረጉት ጥናት፣ ሴቶች የእጅ ቅልጥፍና በሚጠይቁ ሥራዎች ከወር አበባ ቀናት ይልቅ ሆርሞኖቹ ከፍ ባሉባቸው ቀናት የተሻለ ውጤት አስመዘገቡ። የቅርጽና የቦታ ግንዛቤን በሚፈትኑ ጥያቄዎች ግን ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ።

ታዲያ ብቃት ይቀንሳል?

ከእነዚህ ግኝቶች ተነስቶ "ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ትደክማለች" ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ስህተት ነው። በ2020 78 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የአካል ብቃት በዑደቱ የመጀመሪያ ቀናት እዚህ ግባ በማይባል መጠን ዝቅ ሊል እንደሚችል ደምድሟል። ከተመረመሩት ጥናቶች የብዙዎቹ ጥራት ዝቅተኛ እንደሆነ አክሎ፣ ለሁሉም ሴት የሚሆን አንድ ዓይነት ምክር መስጠት እንደማይቻል አስገንዝቧል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንጎል በግፊትና በልጓም መካከል የሚታየውን ትንሽ ለውጥ በሌላ መንገድ የማካካስ ሰፊ አቅም አለው። ልምምድ፣ እንቅልፍ፣ ምግብና ስሜት በአንድ ቀን ብቃት ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖም ከሆርሞን ለውጥ ሊበልጥ ይችላል።

ሚዛኑ ቀድሞ ሲናጋ

ማካካሻው በተሟጠጠበት አንጎል ግን ትንሽ ለውጥም ይከብዳል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች መካከል ሲሶ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ በዑደቱ የተወሰኑ ቀናት እንደሚበረታ ይገመታል። አንዳንዶቹ ላይ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይባባሳል፤ ፕሮጄስትሮን በድንገት ስለሚወርድ ልጓሙ ይላላልና። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ኢስትሮጅን በሚያይልበት እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ይበረታል።

በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታን ከርኩስ መንፈስ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ሕመሙ በየወሩ ቀን ጠብቆ መመላለሱ ግን በደምና በአንጎል ውስጥ ሊለካ የሚችል ምክንያት አለው።

በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ይሞታሉ። በሽታው በወጣትነታቸው ከያዛቸው ሴቶች መካከል፣ በወር አበባቸው ሰሞን መንቀጥቀጡና የሰውነት መገተሩ እንደሚባባስ፣ የሚወስዱት መድኃኒትም እንደሚደክምባቸው የሚናገሩ አሉ።

ለምን ዘገየ?

ይህ እውቀት ዘግይቶ የመጣበት ምክንያት ሴቶች ከምርምር ውጭ ሆነው መቆየታቸው ነው። በ1977 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች በመጀመሪያ ደረጃ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይሳተፉ የሚመክር መመሪያ አወጣ። መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው።

በእንስሳት ላይ የሚደረገው ምርምርም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ2011 የወጣ ግምገማ፣ በነርቭ ሳይንስ ዘርፍ ሴት እንስሳትን ብቻ ለተጠቀመ አንድ ጥናት ወንዶችን ብቻ የተጠቀሙ 5.5 ጥናቶች እንደነበሩ አሳይቷል። የሚሰጠው ምክንያት የሴቶቹ ሆርሞን መለዋወጥ ውጤቱን ያዛባል የሚል ነበር። በ2014 ግን 293 ጽሑፎችን የመረመረ ሥራ፣ የሴት አይጦች ውጤት ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይዋዥቅ አረጋገጠ።

ማወቁ የሚጠቅመው

ለጤነኛ ሴት ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ጥቅም ራስን ማወቅ ነው። በአንዳንድ ቀናት እጅ የከበደ ወይም የቀለለ ቢመስል የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ሥራ ወይም ስፖርት ለመተውም ምክንያት አይሆንም።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል ወይም የሦስት ወር መርፌ የምትጠቀም ሴት ደግሞ ተፈጥሯዊው የሆርሞን ከፍታና ዝቅታ ስለሚቋረጥ፣ ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶች በቀጥታ አይመለከቷትም።

የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ግን ሕመሙ የተነሳባትን ቀንና የወር አበባዋን መምጫ ቢያንስ ለሦስት ዑደት ያህል ጽፋ ለሐኪሟ ብታሳይ ሕክምናዋን ሊያስተካክል ይችላል። እንደ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን እና ካርባማዜፒን ያሉ መድኃኒቶች የመከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክማሉ። በተቃራኒው ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ላሞትሪጂን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በደም ውስጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ስለ አንዱ ለመወሰን ስለ ሌላው መናገር የግድ ነው። ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒት ማቋረጥም ሆነ መጠኑን መቀየር ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሐኪሞችም በበኩላቸው ለመጠየቅ የሚያፍሩት ወይም የሚዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ፤ የወር አበባሽ መቼ መጣ የሚል። ለነርቭ ሕመምተኛ ሴት የዚህ ጥያቄ መልስ እንደ ደም ግፊቷ ሁሉ በካርዷ ላይ መስፈር የሚገባው መረጃ ነው።