ዮጋ ለወገብ፣ ዮጋ ለጉልበት

ቡሬ ያሉት አክስቴ ወገባቸውን መታመም ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእንስራ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም፣ ምጣድ ላይ ሲያጎነብስ የኖረ ወገብ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃቸው መጥታ ወንበር ላይ አስቀምጣ ታሠራቸው ጀመር። ጎረቤት "ምንድን ነው?" ቢላት "ዮጋ" አለች። የስፖርት መምህር ነኝና በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ደወሉልኝ፦ "ልጄ፣ ይኼ ነገር የሌላ አምልኮ እንዳይሆን?"

የሚሳቅበት ጥያቄ አይደለም። ዮጋ የተወለደው ህንድ ውስጥ ነው፤ ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጃይን እምነቶች ጋር አብሮ አድጓል። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ ስምንት ክፍል ያደርገዋል። የመጀመሪያው ሌላውን አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ የመሳሰለ የምግባር ሕግ ነው። የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው፣ ትንፋሽን መግራት አራተኛው ነው፤ ዛሬ በየአገሩ የሚሠራው በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቃሉ በሳንስክሪት "መጥመድ፣ ማጣመር" ከሚል ሥር የወጣ ነው። በሬ ጠምዶ ለሚያርስ የጎጃም ገበሬ ማስረዳቱ አይከብድም፦ ሰውነትና ትንፋሽ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ነው። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውም እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ላይ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በተካሄደ ጉባኤ ነው። የገዳ ሥርዓት የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር።

"የሚደገም የጸሎት ቃል ካለው ይተዉት፤ ወገብ ማፍታታትና ረጋ ብሎ መተንፈስ ግን የማንም እምነት ንብረት አይደለም። ልብዎ ካልተቀበለው የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ" አልኳቸው። ጠየቁ። "ስግደትሽን አታስታጉዪ እንጂ ብታፍታቺ ምን ችግር አለው" አሏቸው። (ማኅሌት ላይ መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙ አባቶች ስለ ጉልበት ጽናት እኔን ያስተምሩኛል።)

አሠራሩ ይኸውላችሁ። የማይወላወል ወንበር ላይ፣ ጀርባን ሳይደገፉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር ማስገባት፣ ከገባበት ጊዜ አስረዝሞ ማስወጣት፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ቀጥሎ አየር እያስገቡ እጅን ወደ ላይ ማንሳት፣ እያስወጡ ማውረድ። ከዚያ ቀኝ እጅን ግራ ጉልበት ላይ አድርጎ ወደ ግራ በዝግታ መዞር፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ትንፋሽ ከተቆራረጠ ወይም ሕመም ከመጣ ያ እንቅስቃሴ በዝቷል፤ መቀነስ ነው። በዮጋ ፉክክር የለም።

በመጨረሻ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ፣ አሥር እስኪቆጠር በአንድ እግር መቆም። ለአያቶች ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነው፤ በስተርጅና ወድቆ ዳሌ መሰበር ብዙ ሰው ከአልጋ ያስቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። የአክስቴ የልጅ ልጅ ግን ውድድር አድርጎታል፤ እስካሁን የሚሸነፈው እሱ ነው።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው ውስጥ ዮጋን አስገብቶታል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ መድረስ ለማይችል ሰው፣ ወንበር ብቻ የሚጠይቅ ነገር ቀላል አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ነቅሎ ያወጣል የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ የታዘዘ ኪኒን አይቋረጥም። ግላኮማ ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ጭንቅላቱን ወደ ታች አይድፋ፤ አጥንቱ የሳሳ ሰው አጥብቆ አያጎንብስ። ከወገብ ሕመሙ ጋር እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ፣ ወንበሩን ትቶ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።