ባዕድ ነገር ልብ ውስጥ ሲገባ፦ የሚባለውና እውነቱ

ደረት ሲወጋ ሰው ብዙ ነገር ይጠረጥራል። በልጅነት የተዋጠች መርፌ፣ እግር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ እሾህ፣ ከጦር ሜዳ በገላ ይዘውት የተመለሱት ፍንጣሪ ልብ ላይ ሄዶ እንደተሰካ ይወራል። ባዕድ ነገር ልብ ውስጥ መግባቱ እምብዛም ባያጋጥምም ተረት አይደለም፤ ሐኪሞች አይተውታል፣ አውጥተውታልም። ስለ አገባቡ፣ ስለ ምልክቱና ስለ መፍትሔው የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት።

አመለካከት 1፦ ደረቴን እንደ መርፌ ከወጋኝ የተሰካ ነገር አለ።

እውነታው፦ የሚወጋ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከደረት ጡንቻ፣ ከጎድን አጥንት መጋጠሚያ፣ ከሳንባ ሽፋን ወይም ከቃር ነው። ልብ ውስጥ የገባ ነገር በበኩሉ ምንም ሳይሰማ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የሚያመው ደም ሲያፈስ፣ ኢንፌክሽን ሲያስከትል ወይም ልብን የሸፈነውን ከረጢት ሲያስቆጣ ነው። ከረጢቱ ሲቆጣ ሕመሙ በጀርባ ሲተኙና በረጅሙ ሲተነፍሱ ይብሳል፤ ቁጭ ብለው ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ቀለል ይላል። ደረትን ተጭኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ግን ሃርት አታክን ያስጠረጥራልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።

አመለካከት 2፦ የተዋጠ መርፌ ወይም የወጋ እሾህ በደም ተጉዞ ልብ ይደርሳል።

እውነታው፦ የተዋጠ ነገር የሚሄደው ወደ ጨጓራና አንጀት ነው፤ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሆኖም የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ እዚያ የተቀረቀረ መርፌ ወይም የዓሣ አጥንት ቧንቧውን በስቶ ልብን የወጋበት ጊዜ አለ። እግር ውስጥ የቀረ እሾህ እዚያው ሥጋ ውስጥ ይቆያል። በደም ለመጓዝ አንድ ነገር ደም መልስ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከገባ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጣው ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። የ56 ዓመቱ አሜሪካዊ ደረቱን አሞት፣ ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ቤት ሄደ። የተሰበረ የጀርባ አጥንቱን ለመጠገን የተወጋው የሕክምና ስሚንቶ ደም መልስ ውስጥ ሾልኮ፣ ጠጥሮ ልቡን በስቶት ነበር። በቀዶ ሕክምና የወጣው ስባሪ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው።

አመለካከት 3፦ ልቡ የተወጋ ሰው ወዲያው ይሞታል።

እውነታው፦ የኦስትሪያ ንግሥት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1898 ጄኔቫ ላይ ልቧን በሹል ሞረድ ተወግታ፣ በቡጢ የተመታች መስሏት ተነሥታ በእግሯ ወደ መርከቧ ሄዳለች። ቀዳዳው ጠባብ ስለነበር ደሟ የፈሰሰው በዝግታ ነው፤ በዚያው ቀን ሞተች። ደረቱን የተወጋ ሰው ቆሞ መሄዱ መዳኑን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሉድቪግ ሬን የተባለ ሐኪም ፍራንክፈርት ውስጥ የተወጋ ልብ ሰፍቶ ሰው አድኗል።

አመለካከት 4፦ የተሰካውን ቶሎ መንቀል ነው።

እውነታው፦ ቢላዋው ወይም ብረቱ የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ሲነቀል ደሙ ይገነፍላል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፎ፣ ሳያነቃንቁ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የሚነቀለው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው።

አመለካከት 5፦ ከተገኘ የግድ መውጣት አለበት።

እውነታው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ድዋይት ሃርከን እንግሊዝ አገር ሆኖ ከ134 ቁስለኞች ደረት ጥይትና ፍንጣሪ አውጥቷል፤ 13ቱ የልብ ክፍሎች ውስጥ የገቡ ነበሩ። አንድም ሰው አልሞተበትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1806 በሁለትዮሽ ፍልሚያ የተመታው አንድሩ ጃክሰን፣ ጥይቱ ለልቡ እጅግ ስለቀረበ ሳይወጣለት ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ 1845 ኖሯል፤ ደም የቀላቀለ ሳል ግን ይመላለስበት ነበር። ዛሬም ውሳኔው እንደ ሁኔታው ነው። ልብ ጡንቻ ውስጥ የተቀበረ፣ የማያም ነገር በክትትል ሊተው ይችላል። የሚንቀሳቀስ፣ ሹል የሆነ ወይም የሚያሳምም ከሆነ ማውጣት ይመረጣል፤ በግራው የልብ ክፍል ያለ ነገር ተነሥቶ አንጎል ሊደርስ ይችላልና።

አመለካከት 6፦ ራጅ ንጹሕ ከሆነ ምንም የለም።

እውነታው፦ ብረት በራጅ ይታያል፤ እንጨት፣ እሾህና ፕላስቲክ ግን ሊያመልጡ ይችላሉ። ሲቲ ስካንና የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዙት ሐኪሙ ሲጠረጥር ነው፤ የሚጠረጥረው ደግሞ ታሪኩን ሲሰማ ነው። ስለዚህ የሕመሙን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የድሮ ቁስልን፣ የዋጡትን ነገር፣ ለአጥንት ስብራት የገባ ሽቦን፣ በቅርቡ የተደረገ ሕክምናን መንገር ያስፈልጋል። ገላው ውስጥ ፍንጣሪ ያለበት ሰው ይህን ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት መናገር አለበት፤ የማሽኑ ማግኔት ብረቱን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።