ዋልካ አፈርና ሰው ሠራሽ ሣር

ከጎንደር ወደ ደምቢያ ሜዳ ስንወርድ የምናገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ምክንያቱ ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው፤ 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ንጣፎቹ መካከል ውኃ ሲገባ ይራራቃሉ፤ ሲደርቅ ይቀራረባሉ። በእንዲህ ያለ ግቢ ላይ የተነጠፈ ሰው ሠራሽ ሣር ቢጎረብጥና መጋጠሚያው ቢላቀቅ ጥፋቱ የሣሩ ብቻ አይደለም።

ብዙዎቻችን በበጋ ንቃቃቱን በአሸዋ ሞልተን ሣሩን መልሰን እንለጥፋለን (እኛም ሞክረነዋል!)። ይሁን እንጂ ክረምት ሲገባ የሚያብጠው አፈር ክፍት ቦታው በአሸዋ ስለተያዘበት ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ሣሩን አንሥተን፣ የላይኛውን ዋልካ 15 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠን በተጠቀጠቀ ጠጠር እንተካዋለን። ከጠጠሩ ሥር ያለው መሬትም በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘቅዘቅና ውኃው የሚወጣበት ቦይ ማግኘት አለበት፤ አለበለዚያ የቆፈርነው ውኃ ያቁራል። መጋጠሚያውን የምንለጥፈው ከዚያ በኋላ ነው።