ከፈረስ ጌጥ እስከ ባጃጅ መጋረጃ

ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን እያቋረጠ ወደ ነቀምቴ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያላጌጠ የሕዝብ ማመላለሻ ብርቅ ነው። በኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገር ውስጥ የባትላሜራ ባለሙያ ላሜራ እየቀጠቀጠ አካል የሚያወጣለት «ቅጥቅጥ» አውቶቡስ፣ ከመነሻውም በእጅ የተሠራ በመሆኑ ሁለት ቅጥቅጦች አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም። ባጃጁ ደግሞ ከሕንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣና በከተማው ይለያያል፤ በፊት መስታወቱ ግንባር ላይ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ይንጠለጠላል፣ ጣሪያው ከውስጥ በቀይ ጨርቅ ይለበዳል፣ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባም ሙዚቃውን ከፍላሽ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ይገጠማል።

ይህን የጌጥና የሙዚቃ ልማድ ከአሜሪካ የተቀዳ ፋሽን አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም። በሎስ አንጀለስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች መኪናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው በዝግታ ሲነዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የካሊፎርኒያ ሕግ የመኪናው አካል ከቸርኬው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ኮርቬቱ ላይ ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የመኪናውን አካል የሚያነሣና የሚያወርድ መሣሪያ፣ ስለገጠመበት ፖሊስ ሲያይ ከፍ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ዝቅ ማድረግ ቻለ። ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ሲወለድ ከዚህ መኪና ጋር አልተገናኘም ነበር፤ ያገናኟቸው የምዕራቡ ዳርቻ ራፐሮች ናቸው፤ በተለይም ዶክተር ድሬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮዎቹ ሎው ራይደር የሚባሉትን እነዚህን ዝቅ ያሉ መኪኖች ለዓለም አሳየ።

ወደ አምቦ ሲመለሱ ግን የጌጡና የግጥሙ ጋብቻ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በኦሮሞ ዘንድ ጌራርሳ የሚባለው፣ በአማርኛ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር የሚዛመደው የጀግንነት ዜማ፣ ዘማሪው ገድሉን በራሱ አንደበት የሚያወሳበት ነው፤ የሚቀመጥበት ፈረስም በባለቀለም ክርና በጌጠኛ ልጓም ይደምቃል። ባለፈረሱ ከዚህ አልፎ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ራፐር ከልደት ስሙ ሌላ የመድረክ ስም ሲይዝ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አላመጣም።

የአምቦው ተወላጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ራፐር አልነበረም። ሆኖም ገና በጉርምስናው ታስሮ አምስት ዓመት ያሳለፈው ይህ ድምፃዊ፣ በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ያቀረበው ጌራርሳ፣ ሂፕ ሆፕ በብሮንክስ የሠራውን ሥራ፣ ማለትም የወጣቱን ድምፅ ማሰማትን፣ በራሱ ቋንቋ ሠርቷል። የኦሮሚያው ፀረ መንግሥት ተቃውሞ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ከተነሣ ጀምሮ ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. እስከተገደለበት ሌሊት ድረስ የዚህ መንገድ ወጣት ዜማና ፖለቲካ አልተለያዩም፤ ከዚያም ወዲህ ከባጃጅ የሚሰማ ዘፈን የነጂው ምርጫ ብቻ ተደርጎ አይታይም።

አሽከርካሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን ከገበያ አንጻር ያዩታል፤ ሰልፍ ይዘው ከቆሙት መካከል ተሳፋሪ ያማረውን እንደሚመርጥ፣ ዕዳ ያለበት ባለባጃጅም ከመጋረጃው በፊት ጎማ ቢቀይር እንደሚሻለው እያወቀ መጋረጃውን እንደሚያስቀድም ይናገራሉ። የትራንስፖርት ኃላፊዎች በበኩላቸው የትኛው ጌጥ እንደሚፈቀድና የትኛው እይታ እንደሚከልል ሲጠየቁ ጥያቄውን ወደ በላይ አካል ይመራሉ፤ ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለቦሎ፣ የቀረበ ነጂ ግን መጋረጃውን ነቅሎ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይሰቅለዋል። የአጊሬ ዘዴ መሆኑን አያውቅም።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ ያለውን ማደስና ማስጌጥ የቅንጦት ሳይሆን የግዴታ ሥራ እየሆነ መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከዚያ ቀደም ባለው ወር መኪና አስጊጦ በዝግታ መንዳትን ከሚከለክሉ የከተማ ደንቦች ነፃ አውጥታ ነበር። በኤሌክትሪክ ባጃጅ ደግሞ ድምፅ ማጉያው የሚስበው ኃይል ጎማውን ከሚያሽከረክረው ባትሪ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሙዚቃ የከፈተ ነጂ ከሚጓዝበት ርቀት ላይ ይቀንሳል።