ነጥብ ነጥቡ ላይ ሲፈርሙ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል በእኛ ዘንድ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነጋዴ ደግሞ «ሳይን ኦን ዘ ዶትድ ላይን» የምትል አባባል አለችው። ቃል በቃል «ነጥብ ነጥቡ መስመር ላይ ፈርም» ማለት ነው። መነሻዋ በታተመ ቅጽ ግርጌ ለፊርማ የሚተወው መስመር ሲሆን፣ ዛሬ ግን ወረቀቱ ላይ ነጥብ ኖረም አልኖረም «በውሉ ታሰረ» ለማለት ታገለግላለች። ሻጭ «ገዥው የቀረው ነጥቡ ላይ መፈረም ብቻ ነው» ካለ፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ ክርክሩ አልቋል ማለቱ ነው።

አባባሏ ሌላም ነገር ታሳብቃለች። ቅጹን ያሳተመው አንዱ ወገን ነው፤ ለሌላው የተተወችለት ያቺው መስመር ናት። የባንክ ብድር ወይም የኢንሹራንስ ውል የፈረመ ሁሉ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686፣ አንዱ ወገን ለንግዱ ያወጣቸው ጠቅላላ ደንቦች ሌላው ካላወቃቸውና ካልተቀበላቸው፣ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ካላዘዛቸው ወይም ካላጸደቃቸው በቀር አያስገድዱትም ይላል። ሆኖም ፊርማ ግርጌው ላይ እያለ «አላየሁም» ብሎ መከራከር ቀላል አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ ዋስ እንድሆን ተጠየቅሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ባለነጥብ መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ለፊርማ፣ ሌላው ለገንዘቡ መጠን። የገንዘቡ ባዶ ነው። «እሱን እኛ እንሞላዋለን፣ አንተ ብቻ ፈርም» አለኝ ሠራተኛው። ወዳጄ አጠገቤ ስለቆመ ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ። (ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ እጥፍ ያሳፍራል።) ማታ ሕጉን ገለጥኩ፤ ዋስ የሚሆኑበት ከፍተኛው ገንዘብ ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል ቁጥር 1922። ግን ባዶው ቦታ ከፊርማዬ በኋላ ቢሞላ ማን ያምነኛል? በማግስቱ ተመልሼ መጠኑ በፊደልና በአኀዝ ይጻፍልኝ አልኩ። እየተነጫነጨ ጻፈው፤ ወዳጄ ከነገረኝ እጥፍ ነበር። ደግነቱ ቅጹ ገና ለአለቃው አልቀረበም፤ በሌላ ተለወጠልኝ።

ፊርማ ብቻውን የማይበቃበትም ቦታ አለ። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም (ቁ. 1727)። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ዘንድ መመዝገብ አለበት (ቁ. 1723)። መኪና ተደግፈው የቤት ሽያጭ የሚፈራረሙ ደንበኞቻችን ደላላው ኮሚሽኑን ሳይቀበል ወደ ውልና ማስረጃ ቢያቀኑ ይሻላቸዋል። ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራም በዳኛ ወይም በአዋዋይ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

ቀብድ ላይም እንዲሁ ነው። የሰጠው ገዥ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሻጭ ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር። ይህ «ሌላ» የትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ እስክሪብቶው ሳይነሳ መፈለግ ነው።